ነፋስ ባሕርን እንዴት ያርሳል?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚመላለስ ተማሪ ስለ ውቅያኖስ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አራዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ደጋ ነው፤ አገራችንም ከ1993 ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ዳሩ ግን በሐምሌና በነሐሴ የፒያሳን የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበው ዝናብ ከሩቅ ባሕር የተነሣ እንፋሎት እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። እንፋሎቱን ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ ለባሕሩ ለራሱ የሚሠራለት አንድ ትልቅ ሥራ አለው፤ ይኸውም እርሻ ነው። ነፋስ ባይነፍስ ኖሮ አብዛኛው የውቅያኖስ ገጽ በፀሐይ ብርሃን እየታጠበ በረሃ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ይህ እርሻ እንዴት እንደሚካሄድና ሲስተጓጐል እኛን ደገኞቹን ጭምር እንዴት እንደሚነካን ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጠገበ ግርጌ፣ የተራበ ገጽ

በየብስ ላይ የሚኖር ፍጡር ሁሉ ምግቡ ዞሮ ዞሮ ከቅጠል እንደሚመጣ፣ በባሕርም እንደዚሁ ነው። የባሕር ሣር ግን በዐይን አይታይም። ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ዕፀዋት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆኑ ያለ አጉሊ መነጽር አይለዩም፤ ሆኖም በምድራችን ላይ በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ምግብ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። ትንንሽ ነፍሳት እነሱን ይበላሉ፤ ዓሣ ነፍሳቱን ይበላል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይውጣል፤ በመጨረሻም ሰው መረቡን ይጥላል።

እነዚህ ዕፀዋት ሁለት ነገር ይሻሉ። አንደኛው ብርሃን ነው። ሁለተኛው ንጥረ ምግብ ነው፤ ይኸውም ገበሬው በማዳበሪያ መልክ የሚያውቃቸው ናይትሬትና ፎስፌት፣ በተጨማሪም ጥቂት ብረትና ሲሊካ ናቸው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ስፍራ አለመገናኘታቸው ነው። ብርሃን የሚመጣው ከላይ ነው፤ እጅግ በጠራ ባሕር እንኳ ከ200 ሜትር በታች ለዕፀዋት የሚበቃ ብርሃን የለም። ንጥረ ምግቡ ግን የተከማቸው ከታች ነው። ምክንያቱም በገጹ ላይ የኖረው ፍጡር ሲሞት ይሰጥማል፤ በጨለማው ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በሰውነቱ የነበረውን ናይትሬትና ፎስፌት እዚያው ይለቀዋል።

በፒያሳ ሻይ ቤት የቀረበልንን ሻይ ሳናማስል ብንጠጣው የላዩ መራራ፣ የታቹ ማር ይሆንብናል። ስኳሩ አልጐደለም፤ የተቀመጠበት ስፍራ ነው የማይመቸው። ባሕርም እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ የባሕር ውኃ በገዛ ራሱ በቀላሉ አይማሰልም። ፀሐይ የምታሞቀው የላዩን ነው፤ የሞቀ ውኃ ይቀላል፣ የቀዘቀዘው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሞቃቱ ውኃ በቀዝቃዛው ላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበትን ድንበር ሊቃውንቱ ቴርሞክላይን ይሉታል።

በመሆኑም በሐሩር አገር ያለው፣ በፖስታ ካርድ ላይ የምናደንቀው ያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር ብዙውን ጊዜ የተራበ ባሕር ነው። ሰማያዊነቱ በውስጡ የሚበቅል ነገር ማነሱን ይናገራል። የጠገበ ባሕር ወደ አረንጓዴ ያደላል። እንግዲህ ክዳኑን የሚከፍተው ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ነፋስ ነው።

ማማሰል፦ የቢሾፍቱ ትምህርት

የነፋስ የመጀመሪያው ሥራ ማማሰል ነው። ነፋስ ማዕበል ያስነሣል፤ የላዩን ውኃ ያገላብጣል፤ ክዳኑን ከሥሩ እየቦረቦረ የታቹን ውኃ ወደ ላይ ይስባል። ክዳኑ ደካማ ከሆነ ነፋሱ ይሰብረዋል፤ ወፍራምና ሞቃት ከሆነ ግን ነፋሱ በገጹ ላይ ተጫውቶ ያልፋል። ስለዚህ የሚቆጠረው የነፋሱ ጕልበት ብቻ ሳይሆን የውኃው ሙቀትም ነው።

ይህን ለመረዳት እስከ ውቅያኖስ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብንወርድ፣ በቢሾፍቱ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጡ ሐይቆች እናገኛለን። ከእነሱም ዋናው የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ዙሪያውን የከበበው ገደል ነፋስ ስለሚከላከልለት ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ተደራርቦ ይቆያል። በ1965 ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ውድ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ1500 እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ባላቸው የአፍሪካ ሐይቆች ውስጥ ውኃው እንዴት እንደሚደራረብ የሚያስረዳ ጥናት አሳትመዋል፤ የቢሾፍቱ ሐይቆችም በዚህ ዓይነት ምርመራ ከታወቁት መካከል ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቃለች፤ አራዳም ሌሊቱን ጋቢ የሚያስደርብ ቍር ይወርድባታል። ያው ቍር በቢሾፍቱ የሐይቁን ክዳን ያቀዘቅዘዋል። የላዩና የታቹ ውኃ ክብደት ይቀራረባል፤ ያን ጊዜ ነፋስ ሲነሣ ሌላ ጊዜ ያልቻለውን ይችላል፤ ሐይቁ ይገለበጣል።

ሲገለበጥ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንደኛው ሲሳይ ነው፤ ከታች የተከማቸው ንጥረ ምግብ ብርሃን ዘንድ ደርሶ ዕፀዋቱን ያለመልማል። ሁለተኛው ግን መከራ ነው፤ ከታች ተዘግቶ የቆየው ውኃ ኦክስጂኑን በመበስበስ ጨርሷልና በብዛት በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዓሣውን ያፍነዋል። በእነዚህ ሐይቆች አልፎ አልፎ ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲንሳፈፍ መታየቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ነፋስ አዘውትሮ የሚያማስለው ውኃ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይመገባል፤ ለረጅም ጊዜ የተዘጋው ግን የተጠራቀመውን በጎውንም ክፉውንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል።

ደግሞም ማማሰል ብቻውን አይበቃም። በአርባ ምንጭ ጎረቤታሞች የሆኑትን ዓባያንና ጫሞን እንመልከት። ሁለቱም ጥልቀት የላቸውም፤ ነፋስ በቀላሉ ይደርስባቸዋል። ዳሩ ግን ዓባያ ወንዞች ያመጡትን ቀይ አፈር ስለ ተሸከመና ነፋስም እንዳይረጋ ስለሚያናውጠው ብርሃን ወደ ውስጡ አይዘልቅም። ጫሞ ግን ይበልጥ አረንጓዴ፣ በዓሣም ይበልጥ የታወቀ ነው። ከዚህ የምንማረው ማዳበሪያ በጨለማ ውስጥ እህል እንደማያበቅል ነው። በጾም ወራት በአራዳ ምግብ ቤቶች የዓሣ ጥብስም ሆነ የዓሣ ጉላሽ ስናዝዝ፣ ከሳህኑ በስተጀርባ ይህ የብርሃንና የነፋስ ሒሳብ እንዳለ ልብ ማለት ይገባል።

መግፋት፦ ከበረዶ ባሕር እስከ ራስ ሐፉን

የነፋስ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይረቅቃል። ትኩስ ሻይ ላይ እፍ ብንል የላዩ አረፋ ወደ ማዶው ጠርዝ ይሸሻል፤ በእኛ በኩል የጐደለውን ስፍራ የሚሞላው ከሥር የሚወጣው ነው። በባሕርም ነፋስ የላዩን ውኃ ከጠረፍ ቢያርቀው ከጥልቁ ቀዝቃዛና ባለጸጋ ውኃ ይወጣል።

ሆኖም በውቅያኖስ ላይ ውኃው በቀጥታ ነፋሱ ወደሚሄድበት አይሄድም። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ፍራም በተባለች መርከብ ከ1893 እስከ 1895 በሰሜን ዋልታ ባሕር በበረዶ ተይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ከነፋሱ አቅጣጫ ዘወትር ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል ተመለከተ። የዚህን ምክንያት ቫግን ዋልፍሪድ ኤክማን የተባለ ስዊድናዊ በ1905 ባሳተመው ሒሳብ አስረዳ። ምድር ስለምትዞር፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚንቀሳቀስ ነገር ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል። ነፋስ የላይኛውን ውኃ ይገፋል፤ የላይኛው ከሥሩ ያለውን ይጐትታል፤ እያንዳንዱም ንብርብር ከበላዩ ካለው ይበልጥ እያዘነበለና እየደከመ ይወርዳል። ሁሉ ተደምሮ ሲታይ፣ እስከ ብዙ አሥር ሜትር ጥልቀት ያለው የላይኛው ውኃ ከነፋሱ አቅጣጫ ትክክል ወደ ቀኝ፣ ማለት በ90 ዲግሪ፣ ይጓዛል።

አሁን የአፍሪካን ካርታ ዘርግተን የሶማሊያን ጠረፍ እንይ። ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተዘርግቷል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ ክረምት በምንለው ወራት፣ ኀይለኛ ነፋስ በዚህ ጠረፍ ጎን ለጎን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ከነፋሱ በስተ ቀኝ ያለው ምንድን ነው? የተከፈተው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ የላዩ ውኃ ከጠረፍ ይርቃል፤ በምትኩም ከጥልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። የአህጉራችን የመጨረሻ የምሥራቅ ጫፍ በሆነው በራስ ሐፉን አካባቢ፣ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ፣ የባሕሩ ገጽ በዚህ ወቅት ከ20 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ውኃውም በደቃቃን ዕፀዋት አረንጓዴ ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ግን የጠረፉ ወንዝ መሰል ፍሰት እንኳ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ የጥልቁ ውኃም መውጣቱን ያቆማል። ሞንሱን የሚለው ቃል ከዐረብኛው መውሲም፣ ማለት ወቅት፣ መምጣቱ በከንቱ አይደለም። በጥንት ዘመን የአዱሊስ ነጋዴዎች ወደ ሕንድ የሚሻገሩትም ይህንኑ የነፋስ መመላለስ ጠብቀው ነበር።

እዚህ ላይ ደጋውና ባሕሩ ይገናኛሉ። ጄ. ፊንድሌተር በ1969 እንዳብራራው፣ ይህ የክረምት ነፋስ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል የምድር ወገብን ተሻግሮ ከምድር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ባለ ስፍራ እንደ ጠባብ ጅረት ተሰብስቦ ይከንፋል። እንደዚህ ሊሰበሰብ የቻለው በስተ ምዕራቡ የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ደጋዎች እንደ ግድግዳ ስለሚቆሙበት ነው። አራዳ የተሠራው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው ማለት ነው። ተራሮቻችን የዓባይን ውኃ ከመላካቸውም በላይ፣ የሕንድ ውቅያኖስን የሚያርሰውን ነፋስ በመስመሩ ያስይዛሉ።

ሲሳዩም በሶማሊያ አይወሰንም። በክረምቱ ወራት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ቀዝቀዝ ያለና በንጥረ ምግብ የበለጸገ ውኃ በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ ከገጹ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። ከአሰብ እስከ ዳህላክ ያለው የደቡቡ ቀይ ባሕር ከሰሜኑ ይልቅ ለም የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የነፋስ ሦስተኛው ሥራ መሸከም ነው። ከሰሃራና ከዐረቢያ በረሃ የሚያነሣውን አቧራ ባሕር ላይ ይበትናል፤ በአቧራው ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ለዕፀዋቱ ቅመም ይሆናል። ጆን ማርቲን የተባለ አሜሪካዊ፣ ናይትሬት ሞልቶ ሳለ ዕፀዋት የማይበዙባቸው ባሕሮች የጐደላቸው ብረት ነው ብሎ ይከራከር ነበር። በ1993፣ እሱ በሞተበት ዓመት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ብረት ተበትኖ ሲሞከር ውኃው በርግጥ ለመለመ።

ነፋስ ሲሰንፍ

እስካሁን ያተትነው ነፋስ ሲሠራ ነው። ሲሰንፍስ ምን ይሆናል? ይህን ያስተማረችው ፔሩ ናት። በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ውኃውን ወደ ግራ፣ ማለት ወደ ባሕሩ መካከል፣ ያርቀዋል፤ ከጥልቁም በዓለም ከታወቁት ሁሉ የበለጸገ ውኃ ይወጣል። ፔሩ በ1970 አንቾቬታ ከተባለው ትንሽ ዓሣ ብቻ ወደ 12 ሚሊዮን ቶን አጠመደች።

በ1972 ግን ኤልኒኞ መጣ። በፓስፊክ ወገብ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ሲደክም፣ በምዕራብ ተከምሮ የነበረው ሞቃት ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ በፔሩ ፊት ያለው ክዳንም ይወፍራል። የጠረፉ ነፋስ ቢነፍስ እንኳ የሚያወጣው ያንኑ ሞቃትና ባዶ ውኃ ነው። ማረሻው ይሄዳል፤ የሚያወጣው ግን ለም አፈር አይደለም። አስቀድሞ ያለ ልክ ተጠምዶ የነበረው ዓሣ በዚህ ላይ ሲራብ ተመናመነ፤ የ1973 ምርት ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ።

በዚያው በ1972 በአገራችን ክረምቱ ደከመ። ኤልኒኞ በሚበረታበት ዓመት የኢትዮጵያ ሰሜንና መካከል የክረምት ዝናብ እንደሚቀንስ ዛሬ በሚገባ ተረጋግጧል፤ በ2015 በተነሣው ኤልኒኞም ዝናቡ ጐድሎ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈልጓል። የፔሩ ዓሣ አጥማጅና የወሎ ገበሬ ተያይተው አያውቁም፤ የአንዱ መረብና የሌላው አውድማ ባዶ የቀሩት ግን በአንድ ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ድርቁን ነፋስና ባሕር አመጡት፤ የወሎን ረሃብ ያባባሰው ግን መደበቁና ችላ መባሉ ነው። ሳይንስ የሚሰጠን የነፋሱን ዜና ነው፤ ዜናውን ሰምቶ እህልን በወቅቱ ማድረስ የሰው ፋንታ ነው።

ክዳኑ ሲወፍር

የዘመናችን ሥጋት ደግሞ ሌላ ነው። የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የባሕር ገጽ ከታቹ ፈጥኖ ይሞቃል፤ የላዩና የታቹ ውኃ የክብደት ልዩነት ይሰፋል። ከ1970 ወዲህ የተሰበሰበው ልክ እንደሚያሳየው የውቅያኖስ የላይኛው ክፍል መደራረብ ጨምሯል። ነፋሱ የትናንቱ ቢሆን እንኳ ሊሰብረው የሚገባው ክዳን ከትናንቱ ጠንክሯል ማለት ነው።

በአፍሪካ የዚህ ምሳሌ ታንጋኒካ ሐይቅ ነው። በ2003 ካትሪን ኦራይሊና ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ የሐይቁ መሞቅና የነፋሱ መድከም ውኃው እንዳይማሰል ስላደረጉ የደቃቃኑ ዕፀዋት ምርት 20 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ይህም የዓሣውን ምርት በ30 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል ገምተዋል። መረቡን ያላበዛ፣ ወንዙን ያልበከለ አጥማጅም ቢሆን የሚያገኘው ዓሣ ይቀንስበታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነፋስን ማዘዝ አንችልም፤ መለካት ግን እንችላለን። የሐይቅን መደራረብ ለማወቅ አንድ ቴርሞሜትር፣ ሜትር በሜትር ምልክት የተደረገበት ገመድና አንዲት ጀልባ ለመነሻ ይበቃሉ። የላዩና የታቹ ሙቀት በኅዳር እየተቀራረበ መሄዱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ በቢሾፍቱ ዓሣ ለሚያረባ ወይም ለሚያጠምድ ወገኑ ከግልበጣው በፊት ወሬ ሊያደርስለት ይችላል። በሐይቆቻችን ላይ ተከታታይ መዝገብ መያዝ የፊዚክስም፣ የባዮሎጂም፣ የጂኦግራፊም ተማሪ ሊካፈለው የሚገባ ሥራ ነው፤ የአንድ ዓመት ልክ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሃያ ዓመት ልክ ግን ክዳኑ መወፈሩንና አለመወፈሩን ይመሰክራል። ይህም መዝገብ አንዱ ክፍል ሲመረቅ ለተከታዩ የሚያስረክበው መሆን አለበት።

የተባዛ ወረቀታችን ገጹ ጥቂት ነውና እዚህ ላይ እናበቃለን። ገመዱንና ቴርሞሜትሩን ይዞ ለመውረድ የተዘጋጀ ጓደኛ ካለ፣ ቍሩ ከመግባቱ በፊት እንነጋገር።